ጥፋቱ የእንጨቱ አይደለም

ግንቦት 22 ቀን 1987 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ ሜይ 30፣ 1995) ማሪያ አሱምፕታ የምትባል ባለሸራ መርከብ ኮርንዋል፣ እንግሊዝ ጠረፍ ላይ ከቋጥኝ ጋር ተላትማ ተሰባበረች። ከ14 መርከበኞቿ ሦስቱ ሞቱ።

ይህ ታሪክ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ “ያረጀ እንጨት ነው፣ ምን ይጠበቃል?” የሚል ነው። እኔን ግን አይዋጥልኝም። እርግጥ አሮጊት ነበረች። እንደ ፈረንጆቹ በ1858 ስፔን፣ ባዳሎና ውስጥ የተሠራች ባለሁለት ምሰሶ መርከብ ናት፤ ያን ቀን 137 ዓመቷ ነበር። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር ላይ የኖረችውን መርከብ፣ የብረት መርከብም ቢሆን የሚሰባበርበት ቋጥኝ ላይ ማን ወሰዳት? ጥያቄው እሱ ነው።

ወደ ፓድስቶው ወደብ እየሄደች ነበር። ነፋሱ ወደ መሬት ይገፋል። ራምፕስ ፖይንት የሚባለው ሾጣጣ ገደል አጠገብ ስትደርስ ሸራዋን የሚያግዘው ሞተሯ ቀጥ አለ። እንዲህ ዓይነት መርከብ እንደ ታክሲ ዳር ይዞ አይቆምም። ነፋሱን ፊት ለፊት ሰንጥቆ መውጣትም አይሆንለትም። ገደሉ ላይ ከነበሩ ሰዎች የተነሱ ፎቶዎች አሉ፤ ሸራዋ እንደተወጠረ፣ አፍንጫዋ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ትታያለች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች፣ ብትንትኗ ወጣ።

እኛ የደጋ ሰዎች የምንፈራው የባሕሩን ጥልቀት ነው፤ መሬት ሲታይ “ተመስገን” እንላለን። ለሸራ መርከብ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ነፋሱ ወደ ዳርቻ ሲነፍስ ጠላቷ መሬት ነው፣ ወዳጇ ደግሞ ርቀት። ውሃ እያሳሳቀ የሚወስደው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተር አለኝ ብሎ የተማመነ ሰው ርቀቱን ይረሳዋል።

ስለ ነዳጁ መበከል ብዙ ተብሏል። ይሁን፣ ሞተሩን ነዳጁ አጥፍቶት ይሆናል። ፍርድ ቤት ግን እንደ ፈረንጆቹ በ1997 ካፒቴኑን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎ 18 ወር እስራት ፈረደበት። ከባድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ሞተር ይጠፋል፣ ያለ ነው። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ወጣ ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩን ፈትተው ማጣሪያውን የሚያጸዱበት ጊዜ ነበራቸው።