የጾምና የፍስክ ሸክላ

የቆዩ የሮክና የፎክ (በተለምዶ በተራ ጊታር የሚዘፈን የፈረንጅ ሕዝባዊ ዘፈን) አልበሞችን ሳምንት ሙሉ እሰማለሁ ብሎ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከቡፌው ጋር ነው። ሸክላ ማጫወቻው ከነዳንቴሉ ቡፌው ላይ ጉብ ይላል፤ ስፒከሩም እዚያው ጎኑ። ቤዙ ሲመታ ቡፌው ይንቀጠቀጣል፣ መርፌው ንዝረቱን ከሸክላው የመጣ መስሎት መልሶ ለስፒከሩ ይሰጠዋል፣ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። መድኃኒቱ ስፒከሩን ከቡፌው ማውረድ ብቻ ነው። የእኛ ሰው ግን መርፌው ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም ይጭናል። አብዛኛው መርፌ የሚፈልገው ክብደት 2 ግራም ገደማ ነው፤ ሳንቲሙ ብቻውን ከዚያ ይበልጥና ዝላዩን አስቁሞ ሸክላውን ይፍቀዋል። ከክንዱ ኋላ ያለውን ክብደት እያዞሩ ክንዱ አየር ላይ አግድም ሲቆም ቁጥሩን ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያ መርፌው ወደሚፈልገው ግራም ማዞር ነው፤ አለቀ። ሳንቲም ከመፈለግ ይፈጥናል።

ለረቡዕና ለዓርብ የጾም አልበም ያስፈልጋል፣ ኤሌክትሪክም ከበሮም ያልነካው። የኒክ ድሬክ «ፒንክ ሙን» (እ.ኤ.አ. 1972) ንጹሕ የጾም ነው፦ አንድ ድምፅ፣ አንድ ጊታር፣ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ጠብ የምትል ፒያኖ። ሁለቱ ገጽ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ታዲያ ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ ጓዳ ቡና ከተወቀጠ ዘነዘናው ከበሮ ሆኖ ይገባና ጾሙ ይሻራል። የጆኒ ሚቸል «ብሉ» (1971) ደግሞ የጾም ይመስላል እንጂ ጥብቅ ጾመኛ ጆሮውን ቢያቀና አንዳንዱ ዘፈን ላይ ከበሮ ያገኛል። ቅቤ የነካው ማንኪያ ገብቶበታል።

ይህን ሥርዓት ከምር የያዙት አሜሪካኖቹ ነበሩ። ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በማርች 1965 ያወጣው «ብሪንጊንግ ኢት ኦል ባክ ሆም» አንዱ ገጽ ፍስክ፣ ሌላው በአብዛኛው ጾም ነበር፤ ለሁለቱም ወገን የታሰበለት ገበታ። ጁላይ 25 ኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ ሲወጣ ግን ከታዳሚው መሐል ጾም አስገደፈን ብለው የጮኹበት አልጠፉም። ቀኑ እኮ እሑድ ነበር! ከወር በኋላ የወጣው «ሃይዌይ 61 ሪቪዚትድ» ጥሬ ሥጋ ነው፤ መዝጊያው ላይ ብቻ ከ11 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ የጾም ወጥ ያቀርባል።

የዚህ አልበም ጠላት ወዳጁ ነው። የመክፈቻው ዘፈን ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የዐዋቂው ማብራሪያም ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለቱ እኩል ይጀምራሉ። ሲያልቅ «ሰማችሁልኝ?» ይላል። የሰማ ስለሌለ ተነሥቶ መርፌውን በጣቱ ይመልሳል፣ የክንዱ ማንሻ እዚያው ተገትሮ እያለ። ሸክላው ላይ የሚታየው ጭረት ሁሉ የዚህ ሰው ፊርማ ነው።

እሑድ እንግዳ ስላለ የቢትልስ «አቤይ ሮድ» (1969) ይሻላል፤ የማይወደው የለም። ብቻ የአንደኛው ገጽ መዝጊያ ወደ ስምንት ደቂቃ ይጠጋል። መጨረሻው ላይ ያው ጊታር እየተደጋገመ፣ የነፋስ ድምፅ እየተጫነው፣ እየገነነ ይሄድና በመሐል ቁርጥ ይላል። ቴፑ የተቆረጠው ሆን ተብሎ ነውና ለእንግዳ አስቀድሞ መንገር ግድ ነው። ካልተነገረ፣ አምፖሉ ከላይ እየበራ «መብራት ሄደ!» የሚል አይጠፋም፤ አባወራውም በር ከፍቶ ጎረቤቱን ይጣራል፦ «እናንተ ጋም ሄዷል? ወይስ የእኛ ብቻ ነው?»