ሁለት ሰባተኛ ክፍል፦ የዋሽንግተኑ ኢመርዥን እና የአዲስ አበባው እንግሊዝኛ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ እና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸውን ኢመርዥን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ብዙ ይለፋሉ። ኢመርዥን ማለት ልጁ ስፓኒሽን፣ ፈረንሳይኛን ወይም ቻይንኛን እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ሂሳቡንና ሳይንሱንም በዚያው ቋንቋ የሚማርበት ነው። ዕጣ ይሞላሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ ዕጣው ሲወጣላቸው እፎይ ይላሉ። ልጁ 6ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱ ስም ብዙ አይናገርም። የሚናገረው የልጁ የትምህርት ፕሮግራም ነው፤ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ደረጃ የሚለው።

በአንደኛ ደረጃ የተለመደው አሠራር ግማሽ በግማሽ ነው። ጠዋት በአንዱ ቋንቋ፣ ከሰዓት በሌላው ይማራሉ፤ ወይም አንዱን ቀን በዚህ፣ ሌላውን ቀን በዚያ። በቀን 3 ሰዓት ያህል ነው ብንል፣ በ180 የትምህርት ቀናት 540 ሰዓት ይሆናል። መካከለኛ ደረጃ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሁለት ኮርስ ነው፤ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ኮርስ እና ማኅበራዊ ሳይንስ። ክፍለ ጊዜው 45 ደቂቃ ከሆነ በዓመት 270 ሰዓት ይመጣል፣ ልክ ግማሹ ማለት ነው። ማኅበራዊ ሳይንሱም ወደ እንግሊዝኛ ከተዛወረና አንድ ኮርስ ብቻ ከቀረ 135 ሰዓት ነው። ይህ ከማንኛውም ተራ የውጭ ቋንቋ ክፍል አይለይም። ሁለት ኮርስ በሚሰጠውም፣ አንድ ብቻ በሚሰጠውም ትምህርት ቤት በር ላይ የተጻፈው ግን ያው ኢመርዥን ነው።

ሰዓቱ ለምን ይቀንሳል? ዋናው ምክንያት መምህር ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ አንድ የክፍል መምህር ሁሉንም ያስተምራል፤ ቋንቋውን የሚችል ሰው ከተገኘ ይበቃል። መካከለኛ ደረጃ ላይ ግን መምህሩ በትምህርት ዓይነቱም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። አልጀብራን በቻይንኛ የሚያስተምር፣ የሂሳብ ፈቃድም የያዘ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የሂሳብ ደረጃ አከፋፈል ነው። በ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በሂሳብ ይለያያሉ፤ አንዱ የክፍሉን ሂሳብ፣ አንዱ የተፋጠነውን፣ አንዱ አልጀብራ 1ን ይወስዳል። በአንድ ቋንቋ 50 ተማሪዎች ቢኖሩና በሦስት ቢከፈሉ፣ አንዱ ክፍል 8 ወይም 10 ልጅ ይዞ ይቀራል፤ ለዚያ መምህር የሚመድብ በጀት የለም። ማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ ግን ሁሉም በአንድ ደረጃ አብረው ስለሚቀመጡ በሌላ ቋንቋ ለመስጠት ይመቻል። የኮርሱ ምርጫ ከይዘቱ ይልቅ ከዚህ ቁጥር ይመነጫል።

ሰዓቱን ለመጠበቅ ተብሎ በተለይ የተቋቋመ ትምህርት ቤት አለ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዲሲ ኢንተርናሽናል ስኩል። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው የቻርተር ትምህርት ቤት ነው፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ግን ራሱን የሚያስተዳድር፤ የሚገኘውም በቀድሞው የዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ግቢ፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ ነው። አምስት የኢመርዥን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተባብረው ያቋቋሙት፣ ልጆቻቸው ከ5ኛ ክፍል በኋላ ቋንቋውን ይዘው የሚቀጥሉበት ቦታ ስላልነበራቸው ነው። ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ቻይንኛ ይሰጣል፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ኢንተርናሽናል ባካሎሬት ነው፣ በአጭሩ አይቢ።

በአይቢ የመካከለኛ ዓመታት ፕሮግራም ስምንት የትምህርት ዘርፎች አሉ። ከእነሱ አንዱ የቋንቋ ትምህርት ሲሆን በስድስት ምዕራፍ የተከፈለ ነው፤ 1 እና 2 ለጀማሪ፣ 3 እና 4 ለመካከለኛ፣ 5 እና 6 ለበሰለ ተማሪ። ምዕራፉ የክፍል ቁጥር አይደለም። አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ምዕራፍ 4 ላይ፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ምዕራፍ 1 ላይ ሊሆን ይችላል። ምዘናውም አራት ነገር ለይቶ ያያል፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መናገር፣ መጻፍ። እያንዳንዱ ከ8 ይታሰባል፣ ድምሩ 32 ነው፣ ከዚያም ከ1 እስከ 7 ወዳለው ውጤት ይቀየራል። የውጤት ካርዱ ሲመጣ ድምሩን ብቻ ማየት አይበቃም። ኢመርዥን ውስጥ ያደገ ልጅ በማዳመጥ 7 አግኝቶ በመጻፍ 4 ላይ መቆሙ የተለመደ ነው፤ የሚሰማው ሁሉ ይገባዋል፣ ቋንቋውን አጥርቶ መጻፍን ግን በደንብ አልሠራበትም።

ወላጆችን የሚያሳስተው ሁለቱ መሰላሎች መቀላቀላቸው ነው። አንዱ የአካዳሚክ ደረጃ ነው፦ መደበኛ፣ የተፋጠነ፣ ኦነርስ የሚባለው ከፍተኛው። ሌላው የቋንቋ ደረጃ ነው። ልጁ በስፓኒሽ ከፍ ያለ ክፍል ስለገባ በሂሳብም ከፍ ያለ ክፍል ገብቷል ማለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣና በሂሳብ የጠነከረ ልጅ፣ እንግሊዝኛው ገና ነው ተብሎ ዝቅ ያለ ሂሳብ ውስጥ ሲቀመጥ እናያለን። የእንግሊዝኛ ደረጃውን የሚለካው፣ በሦስቱም አካባቢዎች የሚሰጠው የዊዳ ፈተና ነው፤ ከ1 እስከ 6 ይሰጣል፣ የሚለካውም እንግሊዝኛን እንጂ ሂሳብን አይደለም። ወላጅ የሂሳብ ምደባ ፈተናው ለብቻው እንዲሰጠው፣ ከተቻለም በአስተርጓሚ፣ በግልጽ መጠየቅ አለበት። በዲሲ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት አገልግሎት በአማርኛም እንዲሰጥ ስለሚያዝ፣ ወላጁ ራሱ ለስብሰባው አስተርጓሚ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ሌላው ጣጣ የምርጫ ትምህርት ቦታ ነው። በቀን ስድስት ወይም ሰባት ክፍለ ጊዜ አለ። እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና ስፖርት ሲያዙ አንድ ወይም ሁለት ይቀራል። የኢመርዥኑ የቋንቋ ኮርስ አንዱን ይወስዳል። ልጁ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍልም ካለበት ሌላው ይሄዳል፤ ለሙዚቃና ለሥዕል ቦታ አይተርፍም። የ12 ዓመት ልጅ ጓደኞቹ ሁሉ ባንድ ውስጥ ሲጫወቱ እሱ ብቻ ሲቀር ቋንቋውን ይጠላል፤ ከፕሮግራሙ የሚወጡ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚወጡት በዚህ ነው። የኮርስ ምርጫ በአብዛኛው በፌብሩዋሪና ማርች ላይ ስለሚደረግ፣ ካውንስለሩን (የተማሪዎች አማካሪውን) ማነጋገር የሚገባው ያኔ ነው፤ ኦገስት ላይ ክፍሉ ሞልቷል።

አሁን ፊታችንን ወደ አዲስ አበባ እንመልስ። በአዲሱ የትምህርት አወቃቀር 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል ሁሉን በአማርኛ ሲማር ቆይቶ፣ 7ኛ ላይ ሂሳቡም አጠቃላይ ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ኦሮሚያ ውስጥ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ 9ኛ ላይ ግን በመላው ሀገሪቱ እንግሊዝኛ ነው። የዋሽንግተኑ ልጅ መካከለኛ ደረጃ ላይ የሁለተኛ ቋንቋው ሰዓት በግማሽ ሲቀንስበት፣ የአዲስ አበባው ልጅ በአንድ ክረምት ውስጥ ከአንድ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ወደ አብዛኛው የትምህርት ቀን ይዘላል። ይህም ኢመርዥን ነው፤ ያውም ከዋሽንግተኑ የከበደ። ምዕራፍ የለውም፣ የምደባ ፈተና የለውም፣ የድጋፍ ክፍል የለውም። በግል ትምህርት ቤት ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረውም፣ እስከ 6ኛ በአማርኛ የመጣውም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይከፈትላቸዋል።

ክፍል ውስጥ የሚሆነውን በአንድ ትምህርት እንይ፤ ድብልቅን መለየት። የአዲስ አበባው ልጅ ጨው ውኃ ውስጥ እንደሚሟሟ፣ አሸዋው እንደሚዘቅጥ፣ ውኃውን ቢያፈሉት ጨው እንደሚቀር በደንብ ያውቃል፤ ወጥ ቤት ሲያየው ያደገ ነገር ነው። መምህሩ በአማርኛ ያስረዳል፣ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ልጁ ይገለብጣል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ አብዛኛውም ምርጫ ነው። በዚህ መንገድ ልጁ ስለ ጨውና አሸዋ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሳይጽፍ 9ኛ ክፍል ይደርሳል። በደህና ኢመርዥን ክፍል ውስጥ ግን ለዚሁ ትምህርት ሁለት ግብ ይጻፋል። የይዘቱ ግብ ሦስት የመለያ ዘዴ ማወቅ ነው። የቋንቋው ግብ ደግሞ «መጀመሪያ፣ ከዚያ፣ በመጨረሻ» እያሉ የሙከራውን ቅደም ተከተል በአራት ዓረፍተ ነገር መጻፍ። አዲስ ቃላቱ ከስምንት እስከ አሥር ሆነው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ጀማሪው የተጀመረለትን ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል፣ የበሰለው ከባዶ ይጽፋል። ለዚህ ወረቀት፣ ማርከርና የመምህሩ 20 ደቂቃ ዝግጅት ይበቃል። 60 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ 60 ደብተር ማረም እንደማይቻል እናውቃለን፤ ግን ከአንድ ወንበር አንድ ወረቀት ተቀብሎ ማየት ይቻላል።

ለትምህርት ሚኒስቴር በ2006 እ.ኤ.አ. የተሠራው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እስከ 8ኛ የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል የሂሳብና የሳይንስ ምዘና በእንግሊዝኛ ከተማሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቶ ነበር። ስለዚህ የእኛ ፍርድ ግልጽ ነው፦ 7ኛ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከማዞር፣ በዋሽንግተን መካከለኛ ደረጃ እንደሚሰጠው በሁለት ኮርስ ብቻ መጀመርና በየዓመቱ መጨመር ይሻላል፤ ሂሳቡ መጨረሻ ላይ ቢዞርም ጉዳት የለውም።

እዚህ አሜሪካ ላሉት ልጆቻችን አማርኛስ? የሰንበት ትምህርት ቤቱ በሳምንት 2 ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት ቢያስተምር 80 ሰዓት ነው፤ ከአንዲቱ የኢመርዥን ኮርስ 135 ሰዓት ያነሰ። ቢሆንም መና አይቀርም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለ12ኛ ክፍል ተመራቂ የሁለት ቋንቋ ማኅተም ዲፕሎማው ላይ ያኖራሉ፤ አማርኛንም በመጻፍና በመናገር የሚመዝን አቫንት ስታምፕ የሚባል ፈተና አለ። በቤት የሚናገር ልጅ መናገሩን ይወጣዋል፤ የሚጥለው መጻፉ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ በሳምንት አንዲት አንቀጽ በግዕዝ ፊደል እንዲተይብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለአያቱ የሚላክ መልእክት ቢሆንም ይቆጠራል።