ማስተካከያ፦ ቀድሞ ስለሚሞላው የመውለጃ ገንዳ
እንግሊዝ አገር ቤታችሁ በውሃ ውስጥ ለመውለድ ላሰባችሁ በጻፍኩት ላይ ተሳስቻለሁ፣ ማሞቂያና ፓምፕ ያለውን ገንዳ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሞልታችሁ አሙቃችሁ አቆዩት ብዬ ነበር። አይሆንም። እዚያው ያሉት የጤና ባለሥልጣናት በ2014 በፈረንጆቹ ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ እንደዚህ ባለ ገንዳ ቤት የተወለደ ሕፃን በሌጂዮኔላ ባክቴሪያ የሚመጣው ከባድ የሳንባ ምች ስለያዘው ለቤት ምጥ አትጠቀሙበት ብለዋል፣ ሞቅ ያለ ውሃ ቀናት ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባበታላ። ምጥ ሲጀምር ከቧንቧ የሚሞላውን ተራ ገንዳ ግን አልከለከሉም (ሙቀቱ ከ37.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ብቻ)። እኔን ሰምታችሁ የሞላችሁ ካላችሁ ፓምፑንም ማሞቂያውንም አጥፉ፣ አትግቡበት፣ ለሚድዋይፋችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። ይቅርታ፣ የድሮውን ፖስት አጥፍቼዋለሁ፣ ሼር ያደረጋችሁም ይሄንን አያይዙበት።