ፒዩሪታኖቹ ሳሎን ተቀምጠዋል

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ያበሻ ቤት ጥቅምት ገደማ አንድ ምሽት ይበጠበጣል። ልጅቷ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ታቅፋ ሳሎን ትገባና «አርብ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ፈተና አለብኝ፤ ከጥንቱ» ትላለች። አባት ዓይኑን ከዜናው ሳይነቅል «አሜሪካ ደግሞ መቼ ተወልዳ ነው ጥንት የሚኖራት?» ይላል። የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ተሸክሞ ለመጣ ሰው በፈረንጆቹ 1620 ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። እናት ደግሞ «ሂሳቡን ጨርሰሻል?» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች። በዚህ ቤት ደንብ ፈተና ማለት ቁጥር ያለበት ነገር ነው፤ ፊደል ብቻ ያለበት ይነበባል እንጂ አይጠናም።

ልጅቷም ከወላጆቿ አትሻልም። ስልኳን ከፍታ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ማጠቃለያ አራት አራት መስመር ታነባለች። መርከቧ መጣች፣ ክረምቱ ከፋ፣ ሰባኪው ተቆጣ፣ ንጉሡ ተሰደበ። ማን ምን እንዳደረገ ጠንቅቃ ይዛ ትገባና 61 ይዛ ትወጣለች። ፈተናው «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀው ለማሟሟቂያ ያህል ነው። የቀረው ሁሉ «እንዴት አድርጎ ተናገረው? እንደዚያ በመናገሩስ ምን አተረፈ?» ነው። ማጠቃለያ ደግሞ ከሁሉ በፊት አውጥቶ የሚጥለው ይህንኑ «እንዴት» ነው፤ ወጡን ደፍቶ አጥንቱን እንደማቅረብ ያለ ሥራ። የሚያስቀው ግን፣ ነገርን አዙሮ መናገር የሚባለውን ሙያ ከዚያ ሳሎን የተሻለ የሚያስተምር ቦታ አለመኖሩ ነው።

መጀመሪያ ነጥብ የሚበላው የስም ነገር ነው። ፒልግሪምና ፒዩሪታን አንድ አይደሉም። ፒልግሪሞቹ በ1620 በሜይፍላወር መጥተው ፕሊመዝ የሰፈሩት፣ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን «ይህስ አይታረምም» ብለው ተገንጥለው የወጡት ናቸው። ፒዩሪታኖቹ ከ1630 ጀምሮ በብዛት ወደ ማሳቹሴትስ ቤይ የጎረፉት፣ «ሳንለቅ እናጠራዋለን» ያሉት ናቸው። ለዚህ የሚሸመደድ ካርድ አያስፈልግም። ደብሩን ለቀው የትምህርት ቤት አዳራሽ የተከራዩትን ምእመናንና፣ እዚያው ቆይተው በየጠቅላላ ጉባኤው እጅ የሚያወጡትን ለይታ ያደገች ልጅ፣ አባቷ የትኛው ወገን እንደሆነ ማስታወስ ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ሁለተኛው ወጥመድ «ዘ ክሩሲብል» የተባለው ተውኔት ነው። ታሪኩ የ1692ቱ የሴለም የጠንቋይ አደን ስለሆነ መምህራን ከፒዩሪታኖቹ ጋር አብረው ያስተምሩታል። አርተር ሚለር የጻፈው ግን በ1953 ነው፤ በሆዱ የያዘውም የራሱን ዘመን የኮሚኒስት አደን ነው። «የፒዩሪታን ጽሑፍ» ብሎ የመለሰ ተማሪ ተውኔቱን በ261 ዓመት አስረጅቶታል።

ስለዚህ ንባብ ከመጀመሩ በፊት አንድ ወረቀት ለአራት ይከፈል። አንደኛው ሳጥን የነባሩ ሕዝብ የቃል ትረካ ነው፤ ምድር በኤሊ ጀርባ ላይ እንደተዘረጋች የሚናገረው የኢሮኳ አፈ ታሪክ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ያሉት ቅኝ ሰፋሪዎችና ፒዩሪታኖች፣ ሦስተኛው እስከ 1800 ያለው የአብዮትና የምክንያት ዘመን፣ አራተኛው ከዚያ ወዲያ የመጡት፣ ስሜትንና ምናብን ያስቀደሙት ሮማንቲኮች ናቸው። በየስሙ ሥር ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ማን፣ ለማን፣ በምን ዓይነት አነጋገር። «ለማን» የምትለዋን ሁሉም ይዘላታል፤ ግማሹ መልስ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ከቨርጂኒያ ሰፋሪዎች መሪዎች አንዱን፣ ጆን ስሚዝን ተመልከቱ። ካፒቴኑ በ1624 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ራሱ ሲጽፍ «እኔ» ማለት አይወድም፤ «ካፒቴን ስሚዝ እንዲህ አደረገ» ይላል፣ ሌላ ሰው ያመሰገነው እንዲመስል። በ1608 በታተመው ጽሑፉ ከነባሩ ሕዝብ አለቃ ከፖውሃታን ጋር መገናኘቱን ሲተርክ፣ የአለቃው ልጅ ፖካሆንታስ ከሞት ስታድነው አናይም። በ1624ቱ መጽሐፍ ላይ ግን ልጅቷ ራሷን በራሱ ላይ አኑራ ከዱላ ታስጥለዋለች። በመካከሉ እሷ ለንደን ድረስ ዝነኛ ሆና፣ በ1617 ሞታለች። «የጸሐፊውን ተዓማኒነት መዝን» የሚል ጥያቄ የሚፈልገው እነዚህን ሁለት ዓመተ ምሕረቶች ነው። አጎት በመተማ በኩል ሱዳን የገቡበትን ታሪክ ከልጅነቷ የሰማች፣ የሚያሳድዷቸውም ወታደሮች በሠርግ ቁጥር ከሦስት ወደ አንድ ሻለቃ ሲያድጉ የታዘበች ልጅ እዚህ ጋ መሳት የለባትም።

ብራድፎርድ የፕሊመዝ ገዥ ነው፤ አይፎክርም፣ ቋንቋውም ጌጥ የለውም። ከ102 ተሳፋሪዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ክረምት ማለቃቸውን እንኳ እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው የሚጽፈው። ግን በሱ መጽሐፍ አንድም ነገር እንዲያው አይሆንም። በባሕር የታመሙትን ተሳፋሪዎች እየሰደበ «ግማሻችሁን ወደ ባሕር እወረውራለሁ» ሲል የነበረ መርከበኛ ራሱ ታሞ ይሞትና መጀመሪያ የሚወረወረው እሱ ይሆናል፤ ብራድፎርድም የእግዚአብሔርን እጅ ያሳያል። መምህሩ ይህን «ፕሮቪደንስ» ይለዋል። እናት «አየሽ፣ የእጁን ነው ያገኘው» ትለዋለች። ፈተናው ላይ ሁለቱም አንድ ነጥብ ነው፤ የመምህሩን ቃል መጻፍ ግን ይመረጣል።

ጆናታን ኤድዋርድስ ጋ ሲደረስ ሁሉም ተማሪ «ሰባኪው እየጮኸ» ብሎ ይጽፋል። ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ ምናልባት ከራሳቸው የቅዳሜ ጉባኤ። ጁላይ 8 ቀን 1741 ዛሬ ኮነቲከት ውስጥ ባለች ኤንፊልድ በምትባል ከተማ ሲሰብክ፣ ተረጋግቶ በዝግታ እንደተናገረ ነው የሚነገረው። የጮኸው ሕዝቡ ነው፤ ልቅሶው በርትቶ ስብከቱ ተቋርጧል። ታዲያ በለሆሳስ እንዲህ ያስጮኸ ምንድን ነው? ምስሉ ነው። ሸረሪትን በእሳት ላይ አንጠልጥሎ እንደያዘ ሰው፣ እግዚአብሔርም አንተን በገሃነም ላይ ይዞሃል ይላል። ተገድቦ የቆመ ጎርፍ፣ የተወጠረ ቀስት፣ የሸረሪት ድር የሚወድቀውን ድንጋይ እንደማይዘው ሁሉ የማይዝህ ጽድቅህ። ሁሉም የሚከብድ ወይም የሚንጠለጠል ነገር ነው፤ ሁሉም ገና አልወደቀም። ፍርሃቱ ያለው በዚያች «ገና» ላይ ነው። ይህን የጻፈ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ «ኤድዋርድስ ሰዎችን ያስፈራል» ያለ ግማሽ።

ከዚያ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይመጣል፣ አባትም ቴሌቪዥኑን ይቀንሳል። የሕይወት ታሪኩን በ1771 ሲጀምር የጻፈው «ውድ ልጄ» ብሎ ለልጁ ነው። በ17 ዓመቱ ፊላደልፊያ ሲገባ ኪሱ ውስጥ አንድ የሆላንድ ዶላርና ጥቂት የመዳብ ሳንቲም ብቻ ነበረው፤ በሦስት ፔኒ ሦስት ትልልቅ ዳቦ ገዝቶ፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ ብብቱ ይዞ ሦስተኛውን እየገመጠ በመንገድ ያልፋል። አባት ይህን ሲሰማ ይቅበጠበጣል። በዳላስ ኤርፖርት 40 ዶላር ይዞ የወረደበትን ታሪክ በዚያ ቤት ያልሰማ የለማ! ልዩነቱ ፍራንክሊን በራሱ ላይ መሳቁን ማወቁ ነው፤ ፈተናውም የሚጠይቀው ያንን ቃና ነው።

13ቱ ምግባራት ደግሞ በየዓመቱ ይወጣሉ። ፍራንክሊን ለየምግባሩ አንዳንድ ገጽ ሰጥቶ፣ በቀይ ቀለም ለሳምንቱ ሰባት ቀን ሰባት ዓምድ አስምሮ፣ ለየጥፋቱ ጥቁር ነጥብ ያኖር ነበር። በሳምንት አንድ ምግባር ላይ ይበረታል፤ በ13 ሳምንት አንድ ዙር፣ በዓመት አራት ዙር። የዕቁብ ጸሐፊ ያወጣው ይመስላል። መጀመሪያ 12 ነበሩ፤ ክዌከር ከሚባለው የክርስትና ወገን የሆነ አንድ ወዳጁ «ሰዎች ትዕቢተኛ ይሉሃል» ስላለው 13ኛ አድርጎ ትሕትናን ጨመረ። በመጨረሻም «ትዕቢትን አሸነፍሁ ብል እንኳ በትሕትናዬ ሳልኮራ አልቀርም» ይላል። ይህች ምጸት ናት። ምክር ብቻ አድርጎ ያነበባት ተማሪ ከምርጫዎቹ መካከል «ጸሐፊው ትሑት ነው» የምትለውን ያከብና ያልፋል።

ምርጫ ጥያቄ ላይ በጠቅላላው ሁለቱ መልሶች በግልጽ ስሕተት ናቸው። የሚያጣላው ሦስተኛው ነው፤ በራሱ እውነት ሆኖ የተጠየቀውን የማይመልስ። መድኃኒቱ ምርጫዎቹን በእጅ ሸፍኖ መጀመሪያ በራስ ቃል መመለስ ነው።

የቨርጂኒያው ፖለቲከኛ ፓትሪክ ሄንሪ «ነፃነት ስጡኝ ወይም ሞትን» ያለው በማርች 1775 ነው፤ የምናነበው ንግግር ግን በ1817 በታተመ መጽሐፍ ላይ ከሰሚዎች ትዝታ የተጠናቀረ ነው። የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ ደግሞ 27 ክስ በእንግሊዙ ንጉሥ ላይ የሚደረድር የሽምግልና አቤቱታ ነው፤ «እሱ እንዲህ አድርጓል፣ እሱ እንዲህ አድርጓል» እያለ። ድግግሞሹ ክሱን አንድ ሰው ትከሻ ላይ እንደሚከምር መጻፍ ይበቃል። እንለፈው።

ገጣሚዋ ፊሊስ ዊትሊ ላይ ግን ቁጭ ማለት ይገባል። በ1761 የሰባት ዓመት ገደማ ሕፃን ሆና ባሪያ ተደርጋ ቦስተን ደረሰች፤ ስሟም የመጣችበት መርከብ ስም ነው። በ1773 ለንደን ላይ መጽሐፏ ሲወጣ «እውነት ራሷ ናት የጻፈችው» ብለው የፈረሙ 18 የቦስተን ታላላቅ ሰዎች አስፈልገዋል። ከአፍሪካ ስለመምጣቷ የጻፈችው ግጥም ስምንት መስመር ናት። ሰሙ ምስጋና ነው፦ ምሕረት ከአረማዊ አገሬ አመጣኝ። ልጅቷ ይህን አንብባ ትናደድና መጽሐፉን ትዘጋለች። ወርቁ ሰባተኛው መስመር ላይ ነው። «አስታውሱ» ብላ ክርስቲያኖችንና ጥቁሮችን በኮማ ብቻ ጎን ለጎን ታቆማቸዋለች፦ «እንደ ቃየል የጠቆሩ»፣ ሊጣሩ ይችላሉ። የጠቆሩት እነማን ናቸው? ጥቁሮቹ ብቻ ወይስ ሁለቱም? ሰዋስዉ አይፈርድም። ደግሞ የቃየል ስም በእንግሊዝኛ ሲነበብ ከሸንኮራ አገዳ ጋር አንድ ድምፅ አለው፤ «መጣራት» የሚለው ግሥም ለነፍስም ለስኳርም ያገለግላል፤ ስኳሩን ደግሞ የሚያመርተው ባሪያ ነው። ቅኔ የቆጠሩ አያት ካሉ በስልክ ይደወልላቸው። እንግሊዝኛ ባይሰሙም ሁለቱ ቃላት ከተተረጎሙላቸው ቀሪውን ራሳቸው ይፈቱታል።

ጽሑፉ ፈተና ላይ 40 ደቂቃ ከተሰጠ አምስቱ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ለማንበብ፣ አምስቱ ለንድፍ፣ ሃያ አምስቱ ለመጻፍ፣ የቀረው ለማረም። ጥቅስ ከአንድ መስመር አይብለጥ፤ ከየጥቅሱ በኋላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ይኑር። ግማሽ ገጽ ጠቅሶ «ይህም ሐሳቤን ያሳያል» ማለት እንግዳ ጠርቶ ያልተላጠ ሽንኩርት ማቅረብ ነው።

ለመጨረሻ ሌሊት የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ፒዩሪታኗ ገጣሚ አን ብራድስትሪት ናት፤ ሐሙስ ማታ፣ ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ። የስምንት ልጆች እናት ናት። እጅሽ ለመርፌ ነው የሚሏትን ወንዶች «የገጣሚ ዘውድ የሆነውን የሎሬል ጉንጉን አልጠይቅም፣ የቅጠላ ቅጠል ይበቃኛል» ብላ አጎንብሳ፣ ባጎነበሰችበት ትወጋቸዋለች። እናት ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ «እኔ እንግዲህ ምን አውቃለሁ፣ ያልተማርኩ ሰው» ብላ ስትጀምር አባት ለምን ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት እንደሚሄድ ልጅቷ የሚገባት ያን ጊዜ ነው።

የብራድስትሪትን ግጥሞች የእህቷ ባል ሳትሰማ ለንደን ወስዶ በ1650 አሳተመባት። እሷም ኋላ ለመጽሐፏ ግጥም ጻፈችለት፤ ቡትቶ ለብሶ ሰው ፊት እንደቀረበ ልጅ አድርጋ። ፊቱን ታጥበዋለች፣ ሌላ እንከን ይታያታል፤ እግሩ እንዲስተካከል ትጎትተዋለች፣ ያነክሳል። «እግር» በእንግሊዝኛ የግጥም ምት መለኪያም ነውና ይህንን ማስመር ነው። በመጨረሻ፣ አባትህን ከጠየቁህ የለኝም በል፣ እናትህ ግን ድሃ ናትና ነው እንዲህ ከደጅ ያወጣችህ፣ ብላ ትሸኘዋለች።

አርብ ጠዋት 6:40 አውቶቡሱ ጥግ ላይ ሲታጠፍ እናት ማበጠሪያ ይዛ በነጠላ ጫማ ትከተላለች። «ቁሚ እስቲ! በዚህ ፀጉር ነው ፈተና የምትቀመጪው? ማን አሳደጋት ሊሉኝ ነው?»