የሰፈሩ ክሊኒክ የሰፈሩን ሰው መዝግቦ ይያዝ

ደሴ ላይ ገና ሳይነጋ ጋቢ ተከናንበው በሆስፒታል ካርድ ክፍል ደጃፍ ከሚሰለፉት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከሰሜን ወሎ፣ ከባቲና ከአፋር ሪፈር ተጽፎላቸው፣ ሌሊቱን በአልጋ ቤት ወይም በዘመድ ቤት አድረው የመጡ ናቸው። ከእነርሱ አጠገብ የሚቆመው የከተማው ነዋሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጣው የግፊት መድኃኒቱ አልቆበት፣ ስኳሩን ሊለካ፣ ወይም ሳምንት የቆየ ሳል አስቸግሮት ነው። ሁለቱም በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ፤ ተራቸው ሲደርስም ሐኪሙ የሚሰጣቸው ጊዜ ያው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከሩቅ የመጣው ሕመምተኛ የሚገባውን ያህል ሳይታይ ይወጣል፤ የሰፈሩ ሰውም ከቤቱ ደጃፍ ሊያልቅለት ለሚችል ጉዳይ ግማሽ ቀኑን ያጠፋል።

ስለዚህ ሰልፍ ስናማርር በተለምዶ የምንጠይቀው ተጨማሪ ሆስፒታል፣ ተጨማሪ አልጋና ተጨማሪ ስፔሻሊስት ነው። የሚያስፈልጉ መሆናቸውን አልክድም። የጎደለን ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ነገር ይመስለኛል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በስሙ የተመዘገበበት፣ መዝገቡን የሚያውቅ ባለሙያ ያለበት፣ ክፍያውም ስንት መርፌ እንደወጋ ተቆጥሮ ሳይሆን ስንት ሰው በኃላፊነት እንደያዘ ታስቦ የሚሰጠው የሰፈር ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ የለንም።

ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፣ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» የሚላቸው አንዲት ጎረቤታችን የደም ግፊት ከተገኘባቸው ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ከመኝታቸው ሲነሡ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ልጃቸው ደንግጣ በቤት ያገኘችውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ጠቅልላ አመጣች። በፌስታሉ ውስጥ ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች የታዘዙ መድኃኒቶች ነበሩ፤ ከእነዚህም ሁለቱ በተለያየ የፋብሪካ ስም የሚሸጡ አንድ ዓይነት መድኃኒት ሆነው ተገኙ። እትዬ አንደኛውን የአንዱ ሐኪም፣ ሌላውን የሌላው ሐኪም ትእዛዝ ነው ብለው ሁለቱንም ሳያጓድሉ ሲውጡ ከርመዋል። በሦስቱም ቦታ ካርድ አላቸው፤ አንዱ ካርድ ስለሌላው የሚያውቀው ነገር ግን የለም። ማንንም ባለሙያ መውቀስ አልፈልግም፤ ሁሉም ፊቱ የቀረበለትን አክሟል። «እኒህ ሴት የእኔ ታካሚ ናቸው» የሚል ግን ከሦስቱ አንድም አልነበረም።

የአንድን አካባቢ ጤና በኃላፊነት የሚይዝ ቡድን ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በደምቢያ የተነሣውን ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና «ሳኒታሪያን» ይባሉ የነበሩትን የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች በአንድ ግቢ ያሠለጥን የነበረው በየጤና ጣቢያው በቡድን እንዲሠሩ አስቦ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን አሰማራ፤ በ2002 ዓ.ም. ወደ ከተሞች ሲገባም ሥራው ለነርሶች ተሰጠ። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ እነዚህ ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባት ያቋረጠውን ሕፃን፣ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያልጀመረችውን ነፍሰ ጡር፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን የጣለውን ሰው የሚያውቁ ናቸው። የመንግሥት ጤና አገልግሎት ከሰው ጓዳ ድረስ የገባው በእነርሱ እግር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ችግሩ እነርሱ የሚያውቁት ነገር ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አለመድረሱ ነው። የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የእትዬን ቤት ታውቀዋለች፤ ግፊታቸውንም ለክታላቸው ይሆናል፤ መድኃኒት የሚያዝላቸውን ባለሙያ ግን አታገኘውም፤ እርሱም የእርሷን መዝገብ አያየውም። አዲስ አበባ ውስጥ «የቤተሰብ ጤና ቡድን» በሚል ሐኪም ወይም ጤና መኮንን፣ ነርስና የኤክስቴንሽን ባለሙያ አብረው የተወሰኑ አባወራዎችን እንዲይዙ የተሞከረው ይህንኑ ክፍተት ለመድፈን ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው። የተሞከረው ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ሲሆን በከተሞቻችን ትኩሳት የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጥበት የግል ክሊኒክ ከሥርዓቱ ውጭ ቀርቷል።

ደሴ ውስጥ ከአራዳ እስከ ቧንቧ ውሃ በእግሩ የተጓዘ ሰው የክሊኒክ ታፔላዎችን ቆጥሮ አይጨርስም። አንዳንዶቹ ቀን ቀን በመንግሥት ተቋም የሚሠሩ ሐኪሞች አመሻሽ ላይ የሚያክሙባቸው ናቸው። እስከ ምሽት ክፍት ናቸው፣ ቅርብ ናቸው፣ ሰልፋቸውም አጭር ነው። ሆኖም ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ከእነዚህ ወደ አንዱ ከገባ በኋላ ደሙን ሰጥቶ፣ ውጤቱን ጠብቆ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ሳይባል የወጣ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ለታይፎይድ የሚደረገው ዊዳል የተባለው ምርመራ የሚያሳየው ሰውነታችን ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ተህዋሲውን ራሱን አይደለም፤ ይህም ከዚህ በፊት ካለፈ ሕመም፣ ከክትባት ወይም ከሌላ ተቀራራቢ ተህዋሲ ሊመጣ ስለሚችል በአንድ ጊዜ ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ለታይፈስ የሚደረገውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ባለሙያዎቹ ይህን አያውቁም ማለቴ አይደለም፤ አሳምረው ያውቁታል። ነገር ግን የክሊኒኩ ገቢ ምርመራውና መርፌው ነው። «ዕረፍት አድርግ፣ ፈሳሽ ውሰድ፣ በሦስተኛው ቀን ካልተሻለህ ተመለስ» ብሎ የሚሸኝ ሐኪም የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ከምን ይከፍላል? እኛም ከደሙ ንጹሕ ነን አንልም፤ መርፌ ሳይወጋ የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲገባ «ምንም ሳያደርጉልኝ ገንዘቤን በሉ» እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። በመሃል የሚጎዳው ለከባድ ሕመም መቆጠብ የነበረበት እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ በመርፌ የሚሰጥ ፀረ ተህዋሲ መድኃኒት ነው፤ ያለ ቦታው በተወጋ ቁጥር ተህዋሲያኑ እየተላመዱት ይሄዳሉ።

የክፍያው መንገድ ሲለወጥ የሐኪሙ ሥራ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት የእንግሊዞችን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲቋቋም እያንዳንዱ ነዋሪ በአካባቢው ባለ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ እንዲመዘገብ ተደረገ። ሐኪሞቹ እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኞቹ የመንግሥት ተቀጣሪ ሳይሆኑ ውል ገብተው የሚሠሩ ናቸው፤ ከገቢያቸው ዋናው ክፍልም የሚታሰበው በመዝገባቸው ባለው ሰው ቁጥር ነው። ሰውየው በዓመት አሥር ጊዜ ቢመጣም ባይመጣም ክፍያው ያው በመሆኑ ሐኪሙ የሚጠቀመው ታካሚው ሳይብስበት ሲቆይ ነው። አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ወደ ሆስፒታል ስፔሻሊስት የሚያደርሰው መንገድም በእርሱ በኩል ያልፋል።

ከእነዚህ ሐኪሞች መካከል ጁሊያን ቱዶር ሃርት የተባለው በዌልስ ተራሮች መካከል ባለችው ግሊንኮሩግ በተባለች የከሰል ማዕድን መንደር ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። ይህ ሰው መዝገቡን ከፍቶ፣ ግፊታቸው ያልተለካ ሰዎችን በስም እያወጣና እያስጠራ፣ የመንደሩን ጎልማሶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ለክቶ ለዓመታት ተከታተላቸው። ኋላ ላይ ያለ ዕድሜ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከአጎራባቿ መንደር ጋር ሲነጻጸር በእርሱ መንደር ዝቅ ብሎ ተገኘ። መሣሪያው የግፊት መለኪያና የስም ዝርዝር ነበር። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉት ሰዎች ላይ ባደረገው ልኬት ከስድስቱ በአንዱ ገደማ ከፍተኛ የደም ግፊት አግኝቷል። ግፊት ሳይታወቅ ብዙ ዓመት የሚቆይ ነገር ነውና ሳይለኩ ተቀምጦ የሚመጣውን መጠበቅ ሽባ ሆኖ የሚመጣውን መጠበቅ ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ላለው አሠራር መነሻ የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰቢያ አለ፤ እርሱም ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የደሴ ጎረቤት የሆነው ተሁለደሬ ነበር። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይሸፍናል፤ አባሉም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። መድኑ ግን በአብዛኛው ውል የሚገባው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ሲሆን የሚከፍላቸውም በተለምዶ የሰጡትን አገልግሎት እየቆጠረ፣ ካከሙ በኋላ ነው። አባሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ሲባል የመድን ደብተሩን በኪሱ ይዞ ከገዛ ገንዘቡ ይከፍላል፤ ብዙዎች በእድሳት ጊዜ የሚያጉረመርሙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ከመድኑ ገንዘብ የተወሰነው ክፍል በየቤተሰቡ ስም ይታሰብ፤ ቤተሰቡም በሰፈሩ ካሉት፣ መመዘኛውን ካሟሉ ጤና ጣቢያዎችና የግል ክሊኒኮች አንዱን መርጦ ይመዝገብ፤ ገንዘቡም በየሩብ ዓመቱ አስቀድሞ ለዚያ ተቋም ይግባ። በምላሹ ተቋሙ ለተመዘገቡት የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናን፣ የግፊትና የስኳር ክትትልን፣ የቤት ለቤት ጉብኝትንና አንድ ወጥ የሕክምና መዝገብን የመስጠት ግዴታ ይግባ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ለቀበሌ ብቻ ሪፖርት ከምታደርግ ከዚሁ ተቋም ጋር በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጣ ዝርዝሩን ትገምግም። ሐኪም አይበቃም ለሚለው መቃወሚያ ጤና መኮንኖችና ነርሶች አብዛኛውን ክትትል በብቃት ሊሠሩት እንደሚችሉ ልምዱ አሳይቷል፤ ሐኪሙ የከበዱትን ለማየትና መዝገቡን ለመቆጣጠር ካለ ይበቃል።

የስም ዝርዝሩ ከየት ይምጣ ለሚለው እኛ ወሎዬዎች ሩቅ መሄድ የለብንም። ሌላው እድር የሚለው ቅሬያችን ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት መዝግቦ የያዘ፣ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ ከማንም በፊት የሚያውቅ ማኅበር ነው። ዛሬ ሥራው በአመዛኙ የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ያስቆጨኛል። የቅሬው ዳኛ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ለግፊት ልኬት ቢፈቅድ ክሊኒኩ በአንድ እሑድ በወር ውስጥ የማያገኘውን ያህል ሰው ያገኛል።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወርደን የምናገኛት ይህች የፋብሪካ ከተማ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲጨመርባት ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶችን በደመወዝ ሠራተኛነት ይዛለች። እነዚህ ሠራተኞች ቋሚ ደመወዝተኛ በመሆናቸው የማኅበረሰብ አቀፉ መድን አይመለከታቸውም፤ ለደመወዝተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ ሥራ ላይ ሳይውል ለረጅም ዓመታት ቆይቷል። የገበሬ አባቷ የመድን ደብተር ያለው ልጅ ፋብሪካ በመቀጠሯ ያለ መድን መቅረቷ ግራ የሚያጋባ ነው። አሠሪዎች በሠራተኛ ቁጥር እየከፈሉ ከሰፈር ክሊኒክ ጋር ውል ቢገቡ የፌዴራሉን አፈጻጸም ሳይጠብቁ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር ነው፤ ከሥራ የሚቀረው ቀን ሲቀንስም ወጪያቸውን ይመልስላቸዋል።

ሕክምናን በአንድ ትልቅ ተቋም ላይ ብቻ መጣል የሚያስከትለውን በ2014 ዓ.ም. አይተነዋል። ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስና የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱ ሲቋረጥ የከፋ ችግር የደረሰባቸው መድኃኒታቸውን በየወሩ ከዚያ የሚወስዱ የስኳር፣ የግፊትና የኤች አይ ቪ ሕሙማን ነበሩ። የክትትል መዝገባቸው በየሰፈሩ ቢኖር ኖሮ ሁሉም ይድናሉ አልልም፤ ማን ኢንሱሊን እንደጎደለው ግን ቤት ለቤት ሄዶ ማወቅ ይቻል ነበር።

በዚህ አሠራር ላይ የምፈራው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ክሊኒኩ አስቀድሞ የተከፈለውን ገንዘብ ተቀብሎ ታካሚውን ቸል ማለቱ ነው። በአገልግሎት ልክ ሲከፈል መርፌ እንደሚበዛ ሁሉ በሰው ቁጥር ሲከፈል ደግሞ «ነገ ና» ይበዛል። ለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ብቻውን አይበቃም። የመድኑ እድሳት በሚደረግበት ወቅት ማንኛውም ቤተሰብ ምክንያት ሳይጠየቅ ስሙንና መዝገቡን ይዞ ወደ ሌላ ክሊኒክ መዛወር እንዲችል፣ ገንዘቡም አብሮት እንዲሄድ ሊፈቀድ ይገባል። እትዬም ያችን በፌስታል የታጨቀች ሕክምናቸውን በመዝገብ ለውጠው፣ ካልተስማማቸው መዝገቡን ይዘው መንገዱን ተሻግረው ወዳለው ክሊኒክ ይሄዳሉ።