ጠበቃ ላቁም ወይስ አጥር?

አዲስ አበባ ዳር የሚኖር ሰው ውኃ ይጠፋበታል፣ መብራት ይጠፋበታል፣ ሲመሽ ታክሲም ይጠፋበታል። የሕግ ምክር ግን ጠፍቶበት አያውቅም። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን ይህን ያረጋገጥኩት ጎረቤቴ ለፎቅ ቤቱ መሠረት ሲያስቆፍር የብሎኬት አጥሬ ተንዶ ማዕድ ቤቴን በተጫነው ዕለት ነው። ምጣዴ ገና ከፍርስራሹ ሳይወጣ ግቢዬ ችሎት ሆነ።

«ክሰሺው!» አሉኝ የዕድራችን ዳኛ። «ፍትሐ ብሔር ቁጥር 2028! በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል!» ቁጥሩን የጠሩት የሎተሪ ዕጣ የወጣላቸው ያህል ደስ እያላቸው ነው። ባለሱቁ ደግሞ በ2 ዓመት ውስጥ ካልከሰስኩ በይርጋ እንደምታገድ አስጠነቀቀኝ። የዱቤ ደብተሩ ግን ይርጋ የሚባል ነገር አያውቅም።

ለነገሩ ሙግት ከጥንትም ነፍሳችን ነው። አያቶቻችን በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ፣ መንገደኛውን ዳኛ አድርገው ይሟገቱ ነበር። ዛሬም ቢሆን ያለ ጠበቃ መከራከር አልተከለከለም። የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ባል፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት፣ እናት ወይም አያት ወክሎ እንዲቆም ይፈቅዳል። ባሌ ከታክሲ ረዳት መልሱን መጠየቅ የሚያፍር ሰው ነው። አማቴ ቢሆኑ መዝገቡ ሳይከፈት ይረቱልኝ ነበር፤ ሕጉ ግን አማትን ረስቷል። ያወጡት ወንዶች መሆን አለባቸው።

ስለዚህ ልደታ ፍርድ ቤት ወርጄ አንድ ጠበቃ አማከርኩ። ሰውየው እንባዬን በትዕግሥት ካሳለፈ በኋላ መጠየቅ ጀመረ።

«ፎቶ አንሥተዋል?»

አንሥቻለሁ። ችግሩ ግማሹ ሰፈር ከፍርስራሹ ፊት ተደርድሮ ስለተነሣ አጥሩ አይታይም።

«ግምቱን ማን አወጣው?»

ጎረቤቶቼ ናቸው። ጠዋት አንድ ግድግዳና አንድ ምጣድ የነበረው ጉዳት፣ ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ቪላ አክሎ ነበር። ጠበቃው ሕጉ የሚያስክሰው በደረሰው ጉዳት ልክ መሆኑን፣ የጠየቅሁት ገንዘብ ባበጠ ቁጥርም ለፍርድ ቤት የምከፍለው የዳኝነት ገንዘብ እንደሚያብጥ ነገረኝ። ስለ ራሱ ክፍያ ሲነግረኝ ደግሞ ወንበሩን ያዝ አደረግሁ።

«ለመሆኑ አጥሩ በይዞታ ካርታው ልክ ነው? ተከሳሹ ይህን ካነሣ ፍርድ ቤቱ ቀያሽ ልኮ ሊያስለካ ይችላል።»

ይህን ጥያቄ ይዤ ተመለስኩና ለጉባኤው አቀረብኩት። ከስኒው በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር ጠፋ። በእኛ ሰፈር አጥር ይራመዳል። መጀመሪያ በሩ ፊት ጥቂት አበባ ይተከላል፤ ማን አበባ ይነቅላል? ለፋሲካ አበባው በቆርቆሮ ይታጠራል፣ ለመስቀል ቆርቆሮው ብሎኬት ይሆናል። መንገዳችን ድሮ ሁለት መኪና ያሳልፍ ነበር። አሁን አንዱ ሲመጣ ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል።

«ቀያሽ?» አሉ የዕድሩ ዳኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀያሽ ከመጣ እኮ አንድ አጥር ለክቶ አይመለስም።» ከዚያ በኋላ ስለ ቁጥር 2028 ሲያነሡ አልሰማሁም። «ልጄ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሆነ ነገሩ ሁሉ።

በዚያው ምሽት ያ ሁሉ «ክሰሺ» ባይ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጎረቤቴን መሐል አድርጎ ለሽምግልና መጣ። እንደዚህ የፈጠነ ዳኝነት አይቼ አላውቅም። ብሎኬቱንና ሲሚንቶውን ጎረቤቴ ሊችል፣ ምጣዱን ዕድሩ ሊተካ፣ እኔም የልደታውን ሐሳብ ልተው ተስማማን፤ ተሳሳምን።

ጠዋት ግንበኛው ክሩን ይዞ መጣና «እመቤት፣ መስመሩን በካርታው ልክ ልያዘው ወይስ በድሮው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አፌን ሳልከፍት ከየአጥሩ ጀርባ መልስ መጣ፤ ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የጎረቤቴ ድምፅ ነበር።

«በድሮው!»