«አንድ በመቶ ምን አላት?»

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ልጅ ውጭ ያስተማረ ቤተሰብ ሰሞኑን የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «አሜሪካ በሐዋላ ላይ የጣለችው ግብር 1 በመቶ ናት፤ ተማሪውን አትከብደውም፤ ዝም ብሎ ይክፈል»። ይህን የሚሉ ሰዎች ስሌቱን ሠርተው አላዩትም።

በወር 300 ዶላር በጥሬው የሚልክ ተማሪ በዓመት 36 ዶላር ይቆረጥበታል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7.25 ዶላር ስለሆነ አምስት ሰዓት ገደማ የሠራበት ነው። በትምህርት ወቅት በግቢው ውስጥ እንኳ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት የማይፈቀድለት ልጅ ነው ይህን የሚከፍለው። የአስተላላፊው ክፍያና የምንዛሬው ልዩነት ለብቻው ነው። ሞላሌ ያሉ እናቱን እየጦረ እንኳ በግብር ማስታወቂያው ላይ ጥገኛዬ ናቸው ብሎ ማስመዝገብ አይችልም፤ የላከው ገንዘብም ግብር ከሚከፍልበት ገቢው አይቀነስለትም።

የሚያናድደኝ ግን ልጁ ይህን መክፈሉ ጨርሶ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው! ሰኔ 27 ቀን 2017 የተፈረመውና ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ግብሩን የጣለው በጥሬ ገንዘብ፣ አስቀድሞ ተከፍሎበት በሚገዛ የክፍያ ወረቀት (መኒ ኦርደር) እና በመሰል ወረቀቶች በሚከፈል ሐዋላ ላይ ነው። አሜሪካ ካለ የባንክ ሒሳብ ወይም እዚያው ከተሰጠ ካርድ የተከፈለውን አይነካም። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በ3.5 በመቶ ሲያሳልፈው ያነጣጠረው ዜጋ ባልሆኑት ላይ ነበር፤ ሴኔቱ ወደ 1 አውርዶ ዜጋውንም ጨመረበት። ዞሮ ዞሮ የሚመታው ባንክ ደጅ ያልደረሰውን ድሃ ነው፤ አዲስ የገባ ተማሪም ከነዚሁ መሐል ነው።

ብዙዎቹ «ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የመንግሥት መለያ ቁጥር ሳይወጣልኝ ባንክ አይከፍትልኝም» ብለው ወራት ያባክናሉ። ብዙ ባንኮች ግን በፓስፖርት፣ ትምህርት ቤቱ ለቪዛ በሚሰጠው አይ-20 ቅጽና በመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ይከፍታሉ። ሒሳቡ እንደተከፈተ ዴቢት ካርዱን ከማስተላለፊያው መተግበሪያ ጋር ማያያዝ ነው። በክሬዲት ካርድ መላክ አያዋጣም፤ ብዙ ካርድ ሰጪዎች ሐዋላን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥረው ተጨማሪ ክፍያና ከዕለቱ የሚጀምር ወለድ ይጥሉበታል፤ ከግብሩ ይብሳል። ከግብር ለመሸሽ ብሎ ያለ ደረሰኝ በሰው እጅ መላክማ ገንዘቡ ቢቀር የሚጠየቅ አካል ማጣት ነው።

አስተላላፊው ክፍያውንና ግብሩን ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት የማሳየት ግዴታ አለበት። የግብር መስመር ካለ እዚያው ላይ ማቆም ነው። ከተከፈለም በኋላ ቢሆን፣ ደብረ ሲና ያለው ተቀባይ እስካልወሰደው ድረስ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሰርዞ በዴቢት ካርድ እንደገና መላክ ይቻላል።